የመብረቁ ጓንቶች

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሻይ አፈላች፤ ለአባቷ ዳቦ ቆረሰችለት፤ ወደ አፉ የሚረጨውን የአስም መድኃኒት ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። አባትና ልጅ የሚኖሩት ከቦክስ ማሠልጠኛው አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ መግቢያ መውጫቸው በአዳራሹ በር ብቻ ነው። አባቷ በጉብዝናው ዘመን ቦክሰኛ ነበር። እስከ ዛሬም «መብረቁ» ይሉታል።

ሁለቱ ወዳጆቹ እንደ ልማዳቸው መጥተው ሪንጉ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የድሮ ተጋጣሚው «ንስሩ» ነው፤ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ለወጣቶቹ ጓንት ያስርላቸዋል። ሌላው ጡረታ የወጣ የስፖርት ጋዜጠኛ ነው፤ «ራዲዮ» ይሉታል። ክርክራቸው ያው የዘወትሩ ነው፤ ከድሮዎቹ ቦክሰኞች ለማየት የሚያጓጓው ማን ነበር?

«እኔ ስገባ ሰው ከወንበሩ ይነሳ ነበር» አለ ንስሩ።

«ወደ ቤቱ ሊሄድ ነዋ!» አለ ራዲዮ። «መብረቁ ሲገባ ግን ዓይኑን ያርገበገበ ሁሉ ገንዘቡን ከሰረ።»

መብረቁ ሲስቅ ሳል ያዘው። ንስሩ አልሳቀም።

ወዳጆቹ ተሰናብተው ሄዱ። ልጅቱ ለሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ የአዳራሹን በር ከውጭ ትቆልፈዋለች። አባቷ መንገድ እየጠፋው፣ አንድ ጊዜ መኪና ሊገጨው ሲል ለጥቂት ተርፏልና። የዚያን ዕለት ግን «ልጄ፣ እባክሽ እስር ቤት ከተሽኝ አትሂጂ» አላት። አንጀቷ አልቻለም። ጓጉንቸሩን ክፍቱን እንደተንጠለጠለ ትታው ወጣች።

ለምሳ ስትመለስ ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ጠበቃት።

ከፍታ ስትገባ አባቷን ከበሩ ሥር ተደፍቶ አገኘችው። ሞቷል። ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ የነበሩት አሮጌ ቀይ ጓንቶች በሁለት እጆቹ ላይ ጥብቅ ብለው ታስረዋል። በሩ ከውስጥ በኩል ከመደብደቡ ብዛት ቀይ ቀለም ይዟል። መድኃኒቱ ከኪሱ ንቅንቅ አላለም።

ተጠርታ የመጣችው የፖሊስ መርማሪ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ስለ ቦክስ የምታውቀው ነገር እንደሌለ ገና ስትገባ ተናገረች።

«ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኔና አሠልጣኙ ጋ» አለች ልጅቱ።

«አሠልጣኙ ከንጋት ጀምሮ ከወጣቶቹ ጋር ሜዳ ላይ ነው የዋለው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ይቺ ደግሞ በየቀኑ እንደምትቆልፍበት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።»

«ዛሬ አልቆለፍኩም!»

አዳራሹ ጠበባት። ቆልፌበታለሁ ብትል አባቷን የገደለች እሷ ናት፤ አልቆለፍኩም ብትል ደግሞ ለገዳዩ በር የከፈተች እሷው ናት።

መርማሪዋ ራዲዮን ለብቻው አናገረችው። ቀኝ እጁን ሽባነት ስለመታው ኪሱ ውስጥ ሸጉጦታል። «ከንስሩ ጋር አብረን ወጣን፣ የኔ እመቤት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ተለያየን።»

«ከዚያስ?» ስትል ቀጥላ ንስሩን ጠየቀችው።

«ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ብቻዬን የምኖር ሰው ማን ያየኛል፣ እህቴ?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስባ በሩን አዘጋችው። ሌላ ጥንድ ጓንት አነሳችና እጆቿን ከተተች። «በየተራ እሰሩልኝ።»

ልጅቱ እንደ ጫማ ክር አሰረችላት። አሠልጣኙ ባንድ ትንፋሽ አሰረ። ራዲዮ በግራ እጁ ሞከረና «በጥርሴ ካልሆነ!» ብሎ ተወው። ንስሩ ክሩን ጎተተ፣ አወሳሰበ፣ ጣለው።

«እርጅና ነው» አለ። «ጠፋኝ።»

መርማሪዋ ጓንቱን እንደገና በአሠልጣኙ አሳሰረችና እጆቿን አነሳች። «አሁን ከኪሴ መሐረብ ማውጣት አልችልም፤ ሟቹም መድኃኒቱን ማውጣት ያልቻለው በዚህ ነው። አንዱን ጓንት ሰው ለራሱ እንደምንም ያስር ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን እንዲህ አጥብቆ አያስርም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ ማለት ነው። ክሩ የእጁን አንጓ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፤ የባለሙያ እጅ ነው። ልጅቱ ሙያው የላትም። አሠልጣኙ ሜዳ ነበር። ራዲዮ እጁ አይታዘዝለትም።»

«ቁልፉስ?» አለ ፖሊሱ።

«ይህ ጓጉንቸር ቁልፍ የሚፈልገው ለመከፈት ነው። ለመዘጋት ጫን ማለት ይበቃዋል።»

«እኔም እኮ ማሰር አቃተኝ» አለ ንስሩ።

«የገረመኝም እሱ ነው። አሠልጣኙ እንደነገረኝ፣ ትናንት ለወጣቶቹ ሁሉ አስረውላቸዋል። እጅ ሙያውን ባንድ ሌሊት አይረሳም፤ ባለቤቱ እርሳ ካላለው በቀር።»

ሁሉም ወደ ንስሩ እጆች ዞሩ።

«በል እንጂ ወንድሜ!» አለ ራዲዮ። «አላሰርኩም በል!»

ንስሩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ክርክሩ ከንክኖኝ ተመለስኩ። ያቺን እሱን ያሸነፍኩባትን የሻምፒዮና ማታ እስቲ እንድገማት አልኩትና ጓንቱን አሰርኩለት። እሱ ሳቀ። ‹እናትህ ታማብህ ስለነበር አሳዘንከኝ፤ አውቄ ነው የወደቅኩልህ› አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚያች ማታ ነው። ሌላ ምን አለኝ? ከዚያ ሳሉ ተነሳበት። ፍታልኝ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ጥዬው ወጣሁ። ጓጉንቸሩን ጫን አልኩት።»

ልጅቱ ቀረብ አለችው። «በሩን ሲመታ ሰምተዋል፣ ጋሼ?»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።» አንገቱን ደፋ። «አመታቱ እንደ ድሮው ነበር።»

ወሰዱት። መርማሪዋ ጓንቷን አስፈታችና ልጅቱን «የለመነሽን ነው ያደረግሽለት» አለቻት።

አመሻሽ ላይ ልጅቱ ብቻዋን አዳራሹን አቋርጣ ወደ ክፍሏ ገባች። መብራቱን አበራች። ከውስጥ «መጣሽ?» የሚላት የለም።