የጋሼ ሽኩር አራተኛ ምት

የጋኔንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ጨልጬ ከተቀመጥኩበት የምነሳ ሰው እንደሆንኩ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በያጅ ነኛ! በያጅ የሚያምነው በእጁ የያዘውንና ራሱ የለኮሰውን ነው። በደርግ ጊዜ መቱ ውስጥ የደረሰብኝን ግን ምን ብዬ ልጠራው? ደግሞ እመኑኝ፣ ሁሉም በቀን ብርሃን ያየሁትና የሰማሁት ነገር ነው፣ ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ጠርጥሬ በተገላገልኩ ነበር።

ያኔ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ የመጠጥ ውሃ መስመር እንዘረጋለን። ድሮ የብረት ቱቦ በመጋዝ ሲገዘገዝ ይዋልና፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ይወጣለትና፣ ቃጫ ተጠምጥሞበት ነበር እርስ በርሱ የሚገጠመው። እኛ ጋ ግን በናፍጣ የሚሠራ የብየዳ ማሽንና የጋዝ መቁረጫ መጣልን፣ የግማሽ ቀን ሥራ ሲጋራ አጭሶ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ሆነ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስድስት ወር ሠልጥኜበት ስለተመለስኩ ማን ይቻለኝ! ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

አለቃዬ ጋሼ ሽኩር ይባላሉ፣ ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ ላይ ያረጁ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። አዲሱን ማሽን አልጠሉትም፣ ግን አላመኑትም። እኔ የበየድኩት ሲቀዘቅዝ ይመጡና በመዶሻቸው ሦስት ጊዜ ይመቱታል፣ ከዚያ ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ድምፁ ደስ ካላቸው አራተኛ ምት ቀስ አድርገው ያሳርፉበታል፣ «አለፍሽ» ማለታቸው ነው። ካላማራቸው አራተኛዋ የለችም፣ በጠመኔ ክብ ይሠሩና መሐሉን በሰያፍ ይሰርዙታል፣ እኔም እያጉረመረምኩ ቆርጬ እንደገና እበይዳለሁ።

«ታዬ፣ አንተ የምታየው ላዩን ነው፣ ውሃው ግን የሚያልፈው በውስጡ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሥራውን የሚቆጣጠረው ካድሬ ለአብዮት በዓል ውሃው ካልፈሰሰ አሻጥር አለ ማለት ነው እያለ ያስፈራራናል። አንድ ቀን በሂስ ስብሰባ ላይ ሥራውን ማን እንደሚያጓትተው ጠየቀ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ እኔ ግን ተነሳሁና «ጋሼ ሽኩር እየመቱ እያዳመጡ ያቆዩናል» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በማግስቱ ከሥራ ቦታ ወሰዷቸው፣ ወዴት እንደሆነ ለሚስታቸው እንኳ የነገራት የለም። አፈርኩ፣ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ስደርስ፣ ከአንድ ቀን በፊት የበየድኩት ላይ የጠመኔ ክብ ተሠርቶበታል፣ መሐሉ በሰያፍ የተሰረዘ። ደሜ ፈላ። ዘበኛችንን ኦቦ ቶለራን ጠራኋቸው።

«ኦቦ ቶለራ፣ እዚህ ማን መጥቶ ነበር?»

«ያ ዋቃ! ማን ይመጣል? ውሻም አላለፈ። ጭቃውን እየው እስቲ!»

ጭቃው ላይ ያለው የእሳቸውና የእኔ ዱካ ብቻ ነው። መጀመሪያ እሳቸውን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ካድሬውን፣ ወጥመድ መስሎኝ፣ ብቆርጠው አጓተትክ፣ ብተወው አሻጠርክ ሊለኝ። በመጨረሻ እልህ ያዘኝና መቁረጫውን ለኩሼ ቆረጥኩት። ውስጡ ብረትና ብረት ሳይዋሃድ ቀርቶ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ውሃ ቢለቀቅበት ይፈነዳ ነበር፣ እኔም ጋሼ ሽኩርን ተከትዬ እሄድ ነበር። ለማንም ሳልናገር መልሼ በየድኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስጨርስ ብየዳዬን በሸራ እየጠቀለልኩ በሽቦ አስሬ መሄድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሽቦው እንዳሰርኩት አለ፣ ሸራውን ስገልጠው ግን ያው ክብ፣ ያው ሰረዝ። ሳላመነታ ቆረጥኩት። ብየዳው እንደ መጀመሪያው ብልሹ ነው፣ ይሄስ ይሁን፣ ቱቦው ውስጥ፣ ከመገጣጠሚያው አጠገብ፣ ሌላ የጠመኔ ክብ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል! ከመግጠሜ በፊት የነበረ ነው እንዳልል ውስጡን በሽቦ ብሩሽ የጠረግኩት እኔው ነኝ። ግራና ቀኙ ተገጥሞ ባለቀ ቱቦ ውስጥ የማን እጅ ይገባል? እናንተው ፍረዱ።

ለአብዮት በዓሉ ምርቃት አንድ ቀን ሲቀረው የመጨረሻዋን መገጣጠሚያ በየድኩ። ቀትር ነው፣ ካፊያ ይላል፣ ሰዎቹ ሁሉ ምሳ ሄደዋል፣ ማሽኑም ጠፍቷል። እኔ ምልክት የሚያደርገውን ሰው ዛሬ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ቆሎዬን ይዤ ቱቦው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ማንም አልመጣም። ብቻ ከቱቦው ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ማኘኬን አቆምኩ። ጆሮዬን ለጠፍኩና አራተኛዋን ጠበቅኩ። የለችም። ቆይቶ እንደገና ሦስት ጊዜ፣ እዚያው ከጆሮዬ ስር፣ ከዚያ ዝም። መቁረጫውን አንስቼ ክብሪት ስፈልግ የካድሬው ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ።

«ጓድ ታዬ፣ አለቀ?»

አላለቀም ብል ማታውን የት እንደማድር አውቃለሁ። መቁረጫውን መሬት አስቀመጥኩ።

«አለቀ» አልኩ።

ሬንጅ ቀባናት፣ አፈር አለበስናት። በማግስቱ ውሃው ፈሰሰ፣ ተጨበጨበ፣ ለእኔም የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። መገጣጠሚያዋ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

ጋሼ ሽኩር ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈቱ፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ። ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ በስብሰባው ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር፣ የጠየቅኩት ግን ስለ ጤናቸው ነው። እሳቸው እጄን ያዙ።

«ሁለቱን ቆርጠህ አየሃቸው፣ ደግ አደረግክ» አሉኝ። «የመጨረሻዋን ግን ለምን ተውካት?»

ኦቦ ቶለራ ነግረዋቸው ይሆናል እንዳልል፣ ዘበኛው ሁለቱን ስቆርጥ አይተው ይሆናል፣ የመጨረሻዋን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። ተነስቼ ወጣሁ። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ አንድ ቀን ቀብራቸው ላይ ተገኘሁ።

መስመሩ ዛሬም አለ፣ የእኔም ቤት ቧንቧ ከእሱ ነው የሚቀዳው። ጠዋት ስከፍተው ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቱቦው ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ባለቤቴ አየር ነው ትለኛለች፣ እኔም አዎ፣ አየር ነው እላታለሁ። ከዚያ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጬ አራተኛዋን እጠብቃለሁ። እስካሁን አልመጣችም።