አሥራ አምስት የዝምታ ቀናት

ማንጠግቦሽ ዘወትር ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በዝግታ ትጠጣለች፤ ከዚያ ወደ ጓዳዋ ገብታ፣ በተሰቀሉት ልብሶች መካከል ቆማ፣ ከንፈሯን ገጥማ «እምምም» እያለች ድምጿን ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ታወጣዋለች። ጓዳውን የመረጠችው ልብሶቹ ድምፁን ስለሚውጡትና ጎረቤት ስለማይረበሽ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከእትዬ ከዲጃ ግቢ የተከራየቻት ቤት ይህችው ነበረች፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፣ በመካከላቸው በር ሳይሆን አበባ የታተመበት መጋረጃ። ዘጠኝ ዓመት ኖራባታለች። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታትም በከተማው የባህል ቡድን ውስጥ አምባሰል ሲነሳ ሰው የሚጠብቃት እሷን ነበር።

በዚያ ሐምሌ ግን ድምጿ ከዳት። በልምምድ አዳራሹ ውስጥ፣ የዘፈኑ መጨረሻ ላይ ካለችው ቀጭን ከፍታ ስትደርስ፣ ድምጿ መሃሉ ላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ። ደገመችው፤ ተቀደደ። የቡድኑ መሪ ጋሽ ይመር ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተመለከታት።

«አገጭሽን ወደ ላይ አትስቀይው፤ ኖታው ጣራው ላይ አይደለም» አላት። «ትንፋሹን ከሆድሽ አምጪው፣ ጉሮሮሽን ልቀቂው።»

ይህን መስማት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታውቀዋለች። ግን ያቺ ኖታ በቀረበች ቁጥር ትከሻዋ ይነሳል፣ የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ከዚያ ዘፈን መሆኑ ይቀርና ጩኸት ይሆናል።

«ፌስቲቫሉ ለነሐሴ መጨረሻ ነው» አለ ጋሽ ይመር፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ብሎ። «ካልተሻለሽ ሰዓዳ ትዘፍነዋለች። እኔም አልወደው፣ ግን ምን ላድርግ?» ሰዓዳ የምትባለው ወጣት ዘፋኝ ጥግ ላይ ተቀምጣ የዘፈኑን ግጥም በወረቀት እየገለበጠች ነበር።

የጉሮሮ ሐኪሟ እጃቸው የማይቸኩል፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። በቀጭን ካሜራ ወደ ውስጥ አይተው የድምፅ አውታሮቿ ማበጣቸውን ነገሯት። «አሥራ አምስት ቀን አትናገሪም፤ አትዘፍኚም። ማንሾካሾክም የለም፣ እሱ ከመናገር ይብሳል። ውሃ ጠጪ፣ በእንፋሎት ታጠኚ፣ ከጭስና ከሚጥሚጣ ራቂ። አውታሩ ካረፈ ይድናል።»

ለእትዬ ከዲጃ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡና ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት። «አይዞሽ ማንጤ፣ አላህ ያሽርሽ» አሏት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላማዊ ነበሩ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ አንዴ ሲዳብሰው አንዴ ሲደበድበው፣ ማንጠግቦሽ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ፎጣ ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና እንፋሎቱን ትስብ ነበር። ቤቱ ውስጥ የእሷ ድምፅ ሲጎድል ሌላው ድምፅ ሁሉ ተራ ደረሰው፤ ሽቅብ የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ የእትዬ ከዲጃ ባልዲ፣ የእርጥብ ግድግዳ ስንጥቅጥቅታ፣ ከጓዳው ደግሞ ማንም ሳይነካቸው አልፎ አልፎ እርስ በርስ የሚፋተጉት ልብሶች።

በአራተኛው ቀን እትዬ ከዲጃ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጠበቋት።

«ሐኪም ከልክሎኛል አላልሽኝም?» አሉ፣ ቆጣም ሳቅም እያሉ። «ጠዋት ስትሞካክሪ ሰማሁሽ። ቀስ ብለሽ ነው፣ ግን ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።»

ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔ አይደለሁም ለማለት ሞከረች። ሴትዮዋ እንደ ልጅ ውሸት ቆጥረው እየሳቁ አለፏት።

በስድስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ ስትመለስ በሯ ላይ ደርሳ ቁልፉን እንዳወጣች እጇ ቆመ። ከውስጥ፣ ከጓዳው በኩል፣ ከንፈሩን የገጠመ ሰው «እምምም» እያለ ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር። አወጣጡ የእሷ ነው። ከሦስተኛው ደረጃ ወደ አራተኛው ሲሻገር የምትሰማዋ ትንሽ መሰናክል እንኳ የእሷ ናት። በሩን ከፈተች። ድምፁ አልተቋረጠም፤ ልክ አንድ ሰው ሥራውን ጨርሶ እንደሚያቆም፣ እስከ ታች ወርዶ በእርጋታ አለቀ። መጋረጃውን ስትገልጠው ልብሶቿ ብቻ ነበሩ። ግን ጓዳው ሞቆ ነበር፤ መስኮት በሌለበት ክፍል ውስጥ ብዙ የተነፈሰ ሰው ትቶት የሚሄደው ዓይነት ሙቀት፣ ከባሕር ዛፍ ሽታ ጋር። ጠዋት ሞልታ የተወችው የውሃ ብርጭቆ በግማሽ ጎድሏል።

ያን ቀን ወደ እትዬ ከዲጃ ሮጣ መሄድ ትችል ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶም ነበራት። ከአንዴም ሁለቴ እስክሪብቶውን አንስታ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ግን መልሳ አስቀመጠችው፤ ምክንያቱን ለራሷም መንገር አሳፈራት። መስማት ፈልጋ ነበር።

ምክንያቱም ያ ድምፅ በየቀኑ ይሻሻል ነበር። በሰባተኛው ቀን መሰናክሏ ጠፋች። በስምንተኛው ቀን አንድ ደረጃ ጨመረ፤ በዘጠነኛው ሌላ። ማንጠግቦሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ መጋረጃውን እያየች፣ ሳትገልጠው፣ ጋሽ ይመር ዘጠኝ ዓመት የለመናትን ነገር ሁሉ ሲፈጸም ትሰማለች። ትንፋሹ ከታች፣ ከሆድ ይነሳል። ከፍታው ሲቀርብ አይቸኩልም፣ አይገፋም፣ አፉን ለቀቅ ያደርግና ኖታው ራሱ እስኪመጣ የሚጠብቀው ይመስላል። ቅናት ደረቷን ሲበላት ተሰማት፤ ከቅናቱ ሥር ደግሞ ተስፋ። ሲድን እንዲህ ሊሆን ነው ብላ አሰበች፤ ይህ የእኔው ነው፣ አሥራ አምስተኛው ቀን ሲደርስ ወደ እኔ ይመለሳል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያው እግሯ ላይ ፈሰሰባት። አፏ በሙሉ ተከፈተ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ማቃሰት እንኳ፣ ሲቃ እንኳ አልነበረም። ነፋስ በባዶ ቱቦ እንደሚያልፍ አየሩ ብቻ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ከጓዳው ውስጥ አንድ ሰው «ወይኔ!» አለ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ካሜራው ሲገባ ሴትዮዋ በደስታ ፈገግ አሉ። «እብጠቱ የለም። ንጹህ ነው፣ እንደ ልጅ ጉሮሮ። እስቲ አሁን ኢ በይ።» ማንጠግቦሽ ሞከረች። ሐኪሟ ጠበቁ። «በይ፣ አትፍሪ።» እንደገና ሞከረች። በምስሉ ላይ ሁለቱ አውታሮች ሲገናኙ፣ ሲርገበገቡም ይታያሉ፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሏል። ሐኪሟ ምስሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ፤ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ሄደ። «ፍርሃት ይሆናል» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «አንዳንዴ ያጋጥማል።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ሳለ ስልኳ ከቤት ውስጥ ጮኸ። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ጩኸቱ ተቋረጠና የራሷን ድምፅ ሰማች።

«አቤት ጋሽ ይመር… አዎ፣ ደህና ነኝ፣ ድኛለሁ… ለሰዓዳ ንገራት፣ እኔው እዘፍነዋለሁ።»

እየተንሸራተተች ገባች። ስልኩ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ስታነሳው መስታወቱ የሰው ጉንጭ እንደነካው ሞቋል፣ ላዩም ላይ ትንሽ እርጥበት ነበረበት። ያኔ ገባት። ድምፁ ወደ እሷ ለመመለስ አልነበረም የሚለማመደው። ወረቀት አውጥታ «እትዬ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው አለ» ብላ ጻፈችና ሮጠች፤ የእትዬ ከዲጃ በር ግን ተቆልፎ ነበር። ለቅሶ ብለው ኮምቦልቻ እንደ ወረዱ፣ ከነገ ወዲያ እንደሚመለሱ የጎረቤት ልጅ ነገራት። ወረቀቱን በበሩ ሥር አስገባችው። ያን ሌሊትና የማግስቱን ሌሊት ጓደኛዋ ዘንድ አደረች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ልብሷን ልትወስድ ተመለሰች። ጉሙ እስከ በሩ ደፍ ድረስ ገብቶ ነበር። ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ሁለት ቀሚስ እንዳጠፈች ዘፈኑ ተጀመረ።

የድምፅ ማሟሟቂያ አልነበረም፤ ዘፈኑ ራሱ ነበር፣ ከመጀመሪያው። ወደ በሩ መሄድ አስባ ነበር፣ ግን ለመስማት ባለችበት ቆመች። ድምፁ እየዞረ፣ እየታጠፈ፣ ሳይቸኩል ወጣ፤ ከግቢው ውጭ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ዝም አሉ፣ አንድ መዶሻ ምቱን አቆመ። ያቺ ቀጭን ከፍታ ቀረበች። ማንጠግቦሽ ሳታውቀው አገጯን ሰቀለች፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ድምፁ ግን እንደ ቀላል ነገር ደረሰባት፣ እዚያው ላይ ቆመ፣ እንደ ክር እየቀጠነ ጉሙ ውስጥ ገባ። እንባዋ ወረደ። በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ የመጋረጃው ቀለበቶች አንድ በአንድ ሽቦው ላይ ተንሸራተቱ። ማንጠግቦሽ ፊቱን ለማየት አልደፈረችም፤ ያየችው የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፣ ከቀሚሱ በላይ ደግሞ አንድም ሥር ያልተገተረበት፣ የላላ፣ ያረፈ አንገት።

በሩ ተንኳኳና ሳይጠበቅ ተከፈተ። እትዬ ከዲጃ ነበሩ፤ ከመንገድ መምጣታቸው ነው፣ ነጠላቸው እርጥብ ነው፣ የማንጠግቦሽን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው በደስታ በርቶ በአልጋው አጠገብ አልፈዋት ወደ ጓዳው በኩል ሄዱ።

«አልሀምዱሊላህ ማንጤ! እስከ መንገዱ ድረስ ሰማሁሽ፣ ወላሂ እያለቀስኩ ነው የገባሁት!» ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን አቅፈው፣ ግራና ቀኝ ስመው ሲያበቁ ወረቀቱን አስታወሱና ወደ አልጋው ዞሩ። ዓይናቸውን አጥብበው፣ በደግነት፣ የማይታወቅ እንግዳ እንደሚታይ አዩዋት። «ቤት ውስጥ ሰው አለ ያልሽው ለካ እንግዳ መጥቶልሽ ነው። ማናት እሷ?»

ማንጠግቦሽ አፏን ከፈተች። ትንፋሿን ከሆዷ፣ ከእግሯ ጥፍር አመጣችው፤ ጉሮሮዋን ለቀቀችው፣ አልገፋችም፣ አልቸኮለችም፣ ሁሉንም እንደሚገባ አደረገችው፤ የወጣው ግን አየር ብቻ ነበር።

«እህቴ ናት እትዬ» አለ የራሷ ድምፅ፣ በፍቅርና በሐዘን፤ «ከተወለደች ጀምሮ ተናግራ አታውቅም።»