የሳሎኑ ብርድ

«እዚህም አለ!» አለች ችኩሌ።

በእጇ የያዘችው ሻማ ከመስኮቱ ጥግ ሲደርስ ነበልባሉ ድንገት ተንቀጠቀጠና ወደ ክፍሉ ዘመመ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የኤክስ ምልክት አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ በሻማ እየዞረች ነፋስ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ስትፈልግ፣ ይቺ አስራ አንደኛዋ ነበረች።

«ይሄ ቤት ነው ወንፊት?» አለች አክስቷ። መሰላል ላይ ወጥታ፣ ጭንቅላቷን በተቀደደው ኮርኒስ አሾልካ ጣሪያውን እያየች ነው። «ከላይማ ባዶ ቆርቆሮ ነው። እናንተ ስታሞቁ የኖራችሁት ሰማዩን ነው የኔ ልጅ።»

አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። ሥራዋ ቤት መቀባት ነው፤ የትኛው ቤት ምን ቀለም እንደተቀባ ማወቅ የፈለገ ሰው የሥራ ሱሪዋን ቢያይ ይበቃዋል። «ችኩሌ» የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ልጅቷ የተወለደችው በሰባት ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አስራ አራት ዓመት ሙሉ ረጋ ብላ አታውቅም።

«በሦስት ሳምንት ያልቃል?» ጠየቀች ችኩሌ።

«ምን ያጣድፍሻል? ቤቱ እግር አውጥቶ አይሄድ!»

ችኩሌ ሻማዋን በእጇ ከልላ ወደ በሩ ሄደች።

የሚያጣድፋትን ነገር ለማንም አልተናገረችም። እናቷ ከቤት ከወጣች ስምንት ወር ሆኗታል። አሁን የምትኖረው በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ረቡዕ ረቡዕ ትደውላለች። ባለፈው ረቡዕ «ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። ቀጥላም «የቀሩትን ዕቃዎቼን እወስዳለሁ» ብላ ነበር። የችኩሌ ጆሮ ግን «እመጣለሁ» የሚለው ላይ ቆሞ ቀረ።

ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። እናቷ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ችኩሌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወላጆቿ ሲነጋገሩ ደረሰችና ከበሩ ኋላ ቆመች። «ይሄ ቤት በረደኝ» አለች እናቷ። «ስንት ዓመት ቻልኩት። አሁን ግን በቃኝ፤ በረደኝ።» ከዚያ የተሰማው አባቷ ጨርቅ የሚቆርጥበት መቀስ ድምፅ ብቻ ነበር።

በረዳት። ብርድ ደግሞ መፍትሔ አለው። የፊዚክስ አስተማሪያቸው አንድ ቀን ሹራባቸውን በጣታቸው ቆንጥጠው «ይሄ የሚያሞቀኝ እሳት ኖሮበት መሰላችሁ?» ብለው ነበር። «በክሮቹ መሃል የረጋ አየር አለ። እሱ ነው የሰውነቴን ሙቀት አላስወጣ የሚለው። ሙቀት መውጫ ካገኘ አይቀመጥም።» ያን ቀን ችኩሌ ደብተሯ ጥግ ላይ ሹራብ የለበሰ ቤት ሳለች።

አክስቷ የሥራውን ቅደም ተከተል በጣቷ እየቆጠረች ነግራታለች። «መጀመሪያ እርጥበቱ፣ ቀጥሎ ቀዳዳው፣ ከዚያ ኮርኒሱ። ቀለም መጨረሻ ነው።» ቀለሙ ግን በባልዲ ተበጥብጦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አክስቷ ከየሥራዋ ከተራረፋት ነጭና ብርቱካናማ አደባልቃ፣ ቀይ ጠብ አድርጋበት፣ የበሰለ ኮክ አስመስላዋለች። ቀለሙን የመረጠችው ችኩሌ ናት። ድሮ ከእናቷ ጋር ገበያ ሲሄዱ ግድግዳው እንዲህ የተቀባ አንድ ሱቅ ነበር፤ እናቷ ባለፉ ቁጥር ቆም ትልና «እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ሰው አይከፋውም» ትል ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ችኩሌ ባልዲውን ከፈተች። አክስቷ ሥራ ላይ ናት፤ አባቷ ልብስ ለማድረስ ወጥቷል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ብቻዋን ከላይ እስከ ታች ቀባችው። ስትጨርስ ክንዷ ቢዝልም ክፍሉ ሰው የገባበት መሰላት፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው።

ሐሙስ ላይ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ኩፍ አለ። ዓርብ መላጥ ጀመረ።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለች አክስቷ ወገቧን ይዛ። «አይ ጥርስሽን!»

«አክስቴ፣ ሙድ አትያዢብኝ!» አለች ችኩሌ። ለመቆጣት ነበር ያሰበችው፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

አክስቷ ሳቋን ዋጠች። አጠገቧ መጥታ በጥፍሯ የተነሳውን ቀለም ላጥ አደረገችውና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። «ንኪው። ቀዝቃዛ ነው አይደል? ውሃ አዝሏል። ውሃ ያዘለ ግድግዳ የፈለግሽውን ብትቀቢው መልሶ ይተፋዋል። ነይ፣ ከየት እንደሚመጣ እንይ።»

ከውጭ ዞረው ሲያዩ አሸንዳው ተሰብሯል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ ለዓመታት በዚያ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ኖሯል። አሸንዳውን ጠገኑት። ቀለሙን ፍቀው አወረዱትና ግድግዳው ሳምንት ሙሉ ንፋስ እንዲያገኝ ተዉት። በዚያ ሳምንት የግድግዳውን ስንጥቆች በስቱኮ፣ የመስኮቶቹን ጠርዝ በሲሊኮን ደፈኑ። ችኩሌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ጎራ እያለች የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ለመነች። በሦስተኛው ቀን አንዱ ባለሱቅ ገና ከሩቅ ሲያያት «መጣች ፎሟ!» ብሎ ጮኸ። ፎሙን ከኮርኒሱ በላይ ሲደረድሩ አክስቷ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ፈጽሞ አላስጠጋችውም፤ «እነዚህ ሁለቱ ከተዋወቁ ቤትም የላችሁ» አለች። የበሩን የላይ መስኮት ደግሞ ችኩሌ ልትደፍነው ስትል እጇን ያዘቻት። «እሱን ተዪው። ቤትም ይተነፍሳል።»

አባቷ ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ያያል። ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚሠራው ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ከሰዓት ግን መኪናውን አቁሞ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው ልጄ?»

«ለእኛ ነዋ» አለች ችኩሌ ቶሎ ብላ። ፊቷን ወደ ባልዲው አዞረች።

አባቷ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ። «ጥሩ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ በሩ ስር የተጋደመ ነገር አየች። በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሰፋ፣ የበሩን ስፋት የሚያክል ረጅም እባብ ነው፤ ዓይኖቹ ሁለት ቀይ ቁልፎች ናቸው። አባቷ ሲቀልድ እንዲህ ነው፤ በእጁ እንጂ በአፉ አይችልበትም። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ሰፍቶ ሰቀለ።

ግድግዳው ሲደርቅ ቀቡት። ችኩሌ አራቱንም በኮክ ቀለም ልትቀባ ፈልጋ ነበር፤ አክስቷ «ብርቱካን ውስጥ የገባሽ ትል ልትመስዪ ነው?» ብላ አስተወቻት። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ሞቅ ያለ ቀለም ይወዳል፤ ግን ልክ አለው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ብቻ ኮክ ሆነ፤ ሌሎቹ ወተት፣ ኮርኒሱ ነጭ። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ነገር አለቀ። አባቷ ሻይ ይዞ ሳሎን መጥቶ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ክረምት ከበጋ የማይለየውን ሹራቡን አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ችኩሌ አየችው፤ ልቧ በደስታ ዘለለ።

እናቷ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች። በሩ ላይ ልጇን አቅፋ አንገቷን ሳመቻትና ቀና ስትል ግድግዳውን አየችው። እዚያው ቆመች።

«ውይ» አለች። «ውይ የኔ ልጅ። ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔና አክስቴ። አባም ሰፍቷል። ግቢ፣ ግቢ!»

እናቷ ገብታ ተቀመጠች። ጃኬቷን አወለቀች። ችኩሌ ጃኬቱን ተቀብላ፣ ትልቅ ነገር እንደተሰጣት ሁሉ ደረቷ ላይ ይዛው ቆመች።

አባቷ ከክፍሉ ወጣ። «እንዴት ነሽ?» «ደህና፤ አንተስ?» «ይመስገን። መንገድ እንዴት ነበር?» «ደህና ነበር።» ሻይ ቀዳላት፤ ለእንግዳ በሚወጣው ብርጭቆ። ስኳሩን ገፋ አደረገላት። «አመሰግናለሁ» አለች እናቷ።

ችኩሌ ዝምታውን መቻል አቃታት።

«እማ፣ አሁንኮ አይበርድም» አለች። «እይ፣ አንድ ቀዳዳ የለም፤ አስራ አንዱንም ደፍነናቸዋል። ከኮርኒሱ በላይም ፎም አለ። ማታ ራሱ አይበርድም፤ አባን ጠይቂው! በረደኝ ብለሽ አይደል የሄድሽው? ሰምቼሻለሁ። አሁን አይበርድም።»

እናቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

የተናገረው አባቷ ነበር። «ብርዱ የጣሪያው አልነበረም ልጄ» አለ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወለሉን እያየ ነው። «እናትሽ አስር ቃል ስታወራኝ አንድ ነበር የምመልስላት። አንዳንዴ እሱንም አልመልስም።»

«የእሱ ብቻ አይደለም» አለች እናቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔም መጠየቅ አቁሜ ነበር። ሁለታችንም ደከመን።» የልጇን እጅ ያዘች፤ ጥፍሮቿ ስር የኮክ ቀለም ነበረ። «ይሄን ለእኔ ብለሽ ነው? ይሄን ሁሉ?»

ችኩሌ እጇን መነጨቀች። «ለእኛ ነው» አለች።

ዕቃው አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ሞላ። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን የያዘችው ችኩሌ ናት። እናቷ መንገዱን ሙሉ ስለ ሥራዋ፣ ካርዳቸው ስለሚጠፋባቸው ሽማግሌዎች፣ ስለ ተከራየቻት ክፍል አወራች። «መስኮቷ አልገጥምም ብላኛለች» አለች ለመሳቅ እየሞከረች። «ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምተኛው። አንቺ ብታያት ስንት ምልክት ታደርጊባት ነበር!»

«ይበርድሽ» አለች ችኩሌ በሆዷ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችም። ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

እሑድ ጠዋት ሳሎኑ ጸጥ ያለና ሞቃት ነበር። አክስቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ ፊቷን አይታ ግንባሯን ስማት ሄደች። ከወዲያኛው ክፍል የአባቷ መቀስ ይሰማል። ችኩሌ ግድግዳው ፊት ለፊት ተቀምጣ ለመናደድ ሞከረች፤ ትናንት ቀላል የነበረው ዛሬ አልመጣ አላት። በዓይኗ ላይ የሚሄድባት አንዲት ጸጉሯን ያሳጠረች ሴት፣ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በማይገጥም መስኮት ስር ስትተኛ ነው።

ስልኩን አነሳች። ረቡዕ አይደለም፤ ደግሞ ሁልጊዜ የምትደውለው እናቷ ናት።

«ምን ሆናችሁ?» አለች እናቷ ገና ስልኩን እንዳነሳች ደንግጣ።

«ምንም አልሆንንም። መስኮትሽን ለኪልኝ።»

«ምኑን?»

«መስኮቱን። የማይገጥመውን። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ፤ የሚያስፈልገውን ይዤ ነው የምመጣው።»

«ሜትር የለኝም» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«በስንዝር ለኪው።»

አልጋ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ እናቷ በርቀት መቁጠር ጀመረች፤ «አንድ… ሁለት… ሦስት…»። ችኩሌ በደብተሯ ላይ ጻፈች። የመቀሱ ድምፅ ቆሟል። ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆሟል፤ የጨርቅ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቁመቱንም ጠይቂያት» አለ።

ችኩሌ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «እማ» አለች፤ «ቁመቱንም።»