ዝንጀሮ የፈታው ኮምፒውተር

ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ልክነሽ ማብሪያውን ለስድስተኛ ጊዜ ተጫነች።

«ገደልሽው» አለ ጓደኛዋ ሶፎንያስ ከኋላዋ ቆሞ።

«ዝም በል! እያሰበ ነው።»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ?»

ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ብቸኛ ንብረት ነው። አንድ ፋይል እስኪከፍት ከአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ፣ ላይኛው ሴቻ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራው ወንድሟ ባፈና፣ ከተጣለ ሰርቨር የነቀለውን ፈጣን ፕሮሰሰር በካልሲ ጠቅልሎ በአውቶቡስ የላከላት ለዚህ ነበር። ፕሮሰሰሩ ለዚህ ኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ አልተሠራም፤ መቀመጫው አይቀበለውም። መላው ግን ቀላል ነው ብሏታል በስልክ፦ መቀመጫው ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች በምላጭ ትቆርጣለች፤ ከዚያ ሁለት የመገናኛ ነጥቦችን የምታቀያይር ሚጢጢ ስቲከር ከፕሮሰሰሩ ሥር ትለጥፋለች። «መጀመሪያ ግን አስፈቅጂ» ማለቱን እንዳልሰማች ሆና የተቀረውን ሁሉ አደረገች። ኔትወርኩ ተቆራርጦ ነበር ብላ ራሷን አሳምናለች።

ደወል ተደወለ። የሒሳብ ፈተና ነበረባቸውና ኮምፒውተሩን ሆዱ እንደተከፈተ ትተውት ሮጡ።

ሲመለሱ የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ጌታነህ ወገባቸውን ይዘው ጠበቋቸው።

«ማን ነው ይሄን የዘረገፈው?»

ልክነሽ አፏን ሳትከፍት ሶፎንያስ ቀደማት። «ዝንጀሮ ነው፣ ቲቸር!»

ለአርባ ምንጭ ሰው ይሄ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ከጫካው የመጣ ዝንጀሮ የዳይሬክተሩን ሙዝ ከነፌስታሉ ይዞባቸው ሄዷል። ቲቸር ጌታነህ ጎንበስ ብለው ማዘርቦርዱን አዩ።

«ፕላስቲኩን አስተካክሎ ነው የቆረጠው።»

«ጥርሱ ስለት ነው፣ ቲቸር።»

«ብሎኖቹንም ፈትቶ ክዳን ውስጥ ሰብስቧል።»

«ሰው እያዩ ይማራሉ እኮ» አለ ሶፎንያስ፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

ቲቸር ጌታነህ ሁለቱንም ረጋ ብለው አዩዋቸው። «እንግዲያው ዝንጀሮው የገባበትን መስኮት ሳይዘጋ የሄደው ጥበቃ ይጠየቅበታል» ብለው ወጡ።

ልክነሽ ፊቷ ጋለ። እጇን ሥራ ለማስያዝ ፕሮሰሰሩን አውጥታ ገለበጠችው። ስቲከሯ ዞራ ተለጥፋለች! በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠቻት፣ አስተካክላ ለጠፈቻት፣ መልሳ ገጠመችውና ማብሪያውን ተጫነች።

ስክሪኑ ቦግ አለ። ፋይሎቹ ገና ሳይነኳቸው የሚከፈቱ ይመስላሉ።

«አባቴ ይሙት!» ሶፎንያስ ትከሻውን እየነቀነቀ ክፍሉን ዞረ። «ዝንጀሮው ፈታው፣ ዝንጀሮው ጠገነው! አለቀ!»

ልክነሽም ሳቀች። ወዲያው ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ኤርጫፎ መሰላል ላይ ወጥተው መስኮቱ ላይ ጣውላ ይቸነክራሉ። ምስማር በከንፈራቸው እንደያዙ ለራሳቸው ያወራሉ።

«ዘግቼ ነበር እኮ። ሁለቴ አየሁት። ይሄ እርጅና ነው በቃ፤ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው።»

ልክነሽ ተነሣች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ሶፎንያስ ጭፈራውን አቋርጦ። «ፋራ አትሁኚ፤ ሠርቷል እኮ!»

«ሠርቷል» አለች። «የሠራሁትን ለዝንጀሮ ግን አልሰጥም።»

ወጥታ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ አእምሮዎ ደኅና ነው። ቀስ ብለው ይውረዱና ቲቸር ጌታነህ ጋ አብረን እንሂድ።»