እናትሽ ገና ነች

መምህርቷ ፋርማሲስቱን ያወቀችው ድምፅ ባልነበራት ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያን ሁሉ ልጅ ስትቆጣ፣ ስታስነብብ፣ ስታስቆጥር ሰንብታ ጉሮሮዋ ጭራሽ ተዘጋ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው መድኃኒት ቤት ገባችና ቦርሳዋ ውስጥ ባገኘችው ወረቀት ላይ «ጉሮሮዬን አሞኛል፤ ድምፄ ጠፍቷል» ብላ ጻፈች።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ቀጭን ወጣት አነበበው። እስክሪብቶውን አነሳና ከስሩ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ጻፈላት።

«ከትናንት» ብላ ጻፈች።

«ትኩሳትስ አለሽ?» ብሎ ጻፈ። እንዳይቸግራት ብሎም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በምልክት አሳያት።

ሳቋ መጣ፤ ሳቁም ድምፅ አልነበረውም። ወረቀቱን ነጠቀችውና በትልልቁ «ጆሮዬ እኮ ይሰማል!» ብላ ጻፈች።

ወረፋ የያዙ አንዲት ሴትዮ በትከሻዋ በኩል አንብበው ኖሮ ሳቃቸው አመለጣቸው። የወጣቱ ፊት ቲማቲም መሰለ። የሚጠጣውን ሰጣት፣ የሚመጠጠውን ሰጣት፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ አላት፣ ለጥቂት ቀን አታውሪ አላት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። የምትገዛው ነገር ግን አልነበራትም።

እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። እሷ ድምጿ ሲመለስላት ወሬኛ ነች፤ እሱ ቁጥብ ነው። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፣ አንዳንዴም ቀና ብሎ ያያታል፤ ያን ጊዜ የጀመረችው ወሬ ይጠፋባታል። ክኒን ሲቆጥር በአፍንጫው የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችው። ዜማዋን ለመስማት ብላ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት እየመረጠች ትመጣና ዳር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

እሱ ከውሃ ስሮቹ ወገን ነው። ከተማው ያወጣላቸው ስም ነው፣ ለማሾፍ። ግድቡ ሲሠራ ቀያቸው፣ ማሳቸው፣ መቃብራቸው ሳይቀር ሐይቅ ውጦታል፤ እነሱም ከከተማው ዳር በተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት መጥተው የኋላውን ዴስክ ያዙ። የከተማው ልጆች በእረፍት ሰዓት ቋንቋቸውን እያስመሰሉ ይስቁባቸው ነበር።

አንድ ቀን ከላይ መመሪያ ወረደ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የነዚሁ ሰዎች ባህል፣ ተረትና ጥበብ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ ይላል። አስተማሪዎቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ቃኝተው መምህርቷ ላይ ቆሙ።

«ዓርብ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንቺ ነው።»

«እኔ እኮ ስለነሱ ምንም አላውቅም።»

«እኛስ ምን እናውቃለን? መጽሐፉ እስኪመጣ የሆነ ነገር እያልሽ ቆይ።»

መጽሐፉ እስከ ዛሬም አልመጣም።

የሆነ ነገር የምትለውን ከፋርማሲስቱ ተማረች። ሰላምታቸውን አጥንታ ሄዳ ክፍሉ ፊት ስትናገረው የኋላው ዴስክ በሳቅ ፈረሰ። እነዚያ ልጆች እዚያ ክፍል ውስጥ በሌላ ሰው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነው። በሳምንቱ አንዷ እጇን አውጥታ አረመቻት። ተረት አመጣች፤ ወደዱት። በእርጥብ ሸክላ አፈር የተረቱን አውሬዎች ሠሩ፤ ዴስኩም ዩኒፎርሙም ጭቃ በጭቃ ሆነ። የቀረው ዘፈን ብቻ ነበር።

«ያቺን ክኒን ስትቆጥር የምታንጎራጉራትን ስጠኝ» አለችው።

እጁ ባለበት ቆመ። «እሷ ትቅር።»

«ምነው? ስለ ምንድን ናት?»

«ስለ አንዲት አስቸጋሪ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ክፍሌ በሙሉ አስቸጋሪ ልጅ አይደለም እንዴ! በልካቸው የተሰፋች ናት በለኛ!»

እሱ አልሳቀም። ሌላ ዘፈን ሰጣት፤ የመኸር ዘፈን። ልጆቹ አዛጉበት። ሌላም ሰጣት፤ በዚያም አዛጉ። ተመልሳ ለመነችው፤ አኮረፈችው፤ ደግሞ ለመነችው። የወደደ ሰው እምቢታው ብዙ አይቆይም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዘፈነላት። ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛውራ ስለምታደርግ፣ ስኳር ልሳ በድመቷ ስለምታሳብብ፣ ሲጠሯት «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች ስለማትመጣ ልጅ ነበር። ከዘፈኑ ጋር ሊነግራት የሚገባ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ዋጠው።

ልጆቹ አበዱላት። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ሁሉ ያዛት፤ ከዚያ መንገዱ። ትናንት በዚያ ቋንቋ ሲያሾፉ የነበሩት አሁን በዚያው ቋንቋ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ፤ ቃሉ የጠፋበት ወደ ኋላው ዴስክ ሄዶ ይጠይቃል። መምህርቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ፋርማሲስቱ ግን ዘፈኗ በመንገድ ስታልፍ በሰማ ቁጥር ወደ ዕቃ ክፍሉ ይገባ ነበር። ወረፋ የያዘው ሰው ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ይመስለዋል።

እናቱ ዘንድ የወሰዳት በአንድ እሁድ ነው። ባላቸው የሞተባቸው ረጅም ሴት ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሻይ ቀረበ። መምህርቷ ጉልበቷን ገጥማ፣ ያለወትሮዋ ቃላት እየመረጠች ተቀመጠች። እናትየው እጇን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ደግሞ ልጃቸውን አይተው ፈገግ አሉ። እሷም ወደዱኝ ስትል አሰበች፤ በእርግጥም ወደዋት ነበር።

በዚህ መሃል ውጭ ገመድ የሚዘሉ ልጆች ዘፈኗን አነሷት።

እናትየው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ይሄን ማነው ያስተማራቸው?»

መምህርቷ ይህችን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር። «እኔ ነኝ እማማ!» አለች ደረቷን ነፍታ። «ልጅዎ ሰጥቶኝ ነው። አሁንማ ከተማው ሁሉ ይዘፍናታል!»

እናትየው ልጃቸውን አዩት፤ እሱ ወለሉን ያያል። በቋንቋቸው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ሻይሽን ጨርሺና ሂጂ» አሏት።

መንገድ ላይ ሮጦ ደረሰባትና ያኔ ነገራት። በእነሱ ዘንድ ልጅ የሞተባት እናት ስለ ልጇ ዘፈን ታወጣለች። እንባ የለበትም፤ የልጇ ተንኮልና አመል ብቻ ነው ያለበት። ቀብሩ ላይ አንዴ ትዘፈናለች፤ ከዚያ ትዘጋለች፣ ማንም አይነካትም። ዳግመኛ የምትዘፈነው እናትየው ራሷ ስትቀበር ነው። ልጅቷ በዚያኛው ዓለም የራሷን ዘፈን ስትሰማ እናቷ መምጣቷን አውቃ፣ ተነስታ ደጅ ወጥታ ትቀበላታለች። ዘፈኗ የታናሽ እህቱ ናት። ትኩሳት ነው የገደላት፤ መቃብሯ ሐይቁ ስር ነው። ቀብሩ ላይ የነበሩት ሰዎች በየአገሩ ተበትነዋል፤ እዚህ ከእሱና ከእናቱ በቀር ዘፈኗን የሚያውቅ የለም።

«ያኔ በቋንቋችሁ ምን አሉህ?»

«‹ልጄ በየቀኑ እየተነሳች ደጅ ትወጣለች፤ እኔ የለሁም› ነው ያለችኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አትወስጂያትም ነበር። ከእኔና ከእናቴ ሌላ አንድ ሰው እንዲያውቃት ፈለግሁ። አንቺ እንድታውቂያት።»

«እኔ አላወቅኳትም እኮ! በእናትህ ሐዘን ስኩራራ ዝም ብለህ አየኸኝ!» ብላው ሄደች። አልተከተላትም።

ሰኞ ክፍል ገብታ ዘፈኗን ከለከለች። መከልከሏ ባሰ። አፋቸውን ገጥመው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ሌላ ዘፈን አመጣች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች።

«ተማሪ የተማረውን እንዲረሳ የሚያዝ መመሪያ አልወረደም» አሏት። «ደግሞ ባለፈው ሊጎበኙን የመጡት ተቆጣጣሪ ዘፈኗን ወደዋታል።»

ማስተማር ተምራለች፤ ማስረሳትን ግን ማንም አላስተማራትም። ፋርማሲስቱ በየሰፈሩ እየዞረ ወላጆችን ለመነ፤ ወላጆቹ እሺ ይላሉ፣ ልጆቹ ጥግ ዞረው ይዘፍናሉ። እናቱ በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግተው መዋል ጀመሩ። እህል አልወርድ አላቸው። መምህርቷ መድኃኒት ቤቱን ሸሽታ በሌላ መንገድ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ነበሩ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው። ገብተው ባዶ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ያቺን ዘፈን ዘፍኑልኝ» አሉ።

ልጆቹ መምህርቷን አዩ። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ ልጆቹም ዘፈኑ። እናትየው ዓይናቸውን ሳይከድኑ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይቺ ልጅ የእኔ ልጅ ናት» አሉ ሲያበቃ። «ተኝታለች። ስትዘፍኑ ትነቃለች፤ እኔ የመጣሁ ይመስላታል። አትዘፍኑ አልላችሁም፤ ብላችሁስ መች ልትሰሙኝ!»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ተዉት።

«ግን ቀስቅሳችሁ ደጅ ላይ እንዳትተዉብኝ። መልሳችሁ አስተኙልኝ።»

ከዚያም በዘፈኗ ጫፍ ላይ የሚቀጠል አንድ ስንኝ አስተማሯቸው። ትርጉሙ «እናትሽ ገና ነች፣ ተመልሰሽ ተኚ» ማለት ነው። ዜማውን ዝቅ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ሁሉም እስኪይዘው ደጋገሙላቸው።

ከፊት የተቀመጠ አንዱ አፈ ፈጣን እጁን አወጣ። «እርስዎ ታዲያ መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ብዙ አልቆይም» አሉት እናትየው፣ በቁም ነገር።

ኮሪደር ላይ ሸኘቻቸው። ልትናገር አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

«አልጠላሁሽም» አሏት። «አንቺ አላወቅሽም። ያወቀው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ልጄ ነው፣ የት እጥለዋለሁ? ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር ደጅ የቆመችው ትታየኛለች። ከተዋደዳችሁ እኔ ካለፍኩ በኋላ ይሁን።»

«እሺ እማማ።»

«ደግሞ እነዚህ ለታናናሾቻቸው ሲያስተምሩ ያቺን ስንኝ ይዘሏታል። ልጅ መጨረሻ ላይ ትዕግሥት የለውም። አንቺ ጠብቂልኝ።»

ጠበቀችላቸው። በየዓመቱ አዲስ ክፍል ሲመጣ ዘፈኗን ከነመጨረሻዋ ታስተምራለች፤ በእረፍት ሰዓት ግቢውን እየዞረች ስንኟን የዘለለ ካለ ታስደግማለች። ትልቅ ከተማ የተሻለ ቦታ ሲሰጣት አልፈልግም አለች። ዘመዶቿ አእምሮዋን ተጠራጠሩ።

ከፋርማሲስቱ ጋር ታረቁ፤ ምን ሊሆኑ? ግን የሚገናኙት ባንኮኒ መሃላቸው ሆኖ ነው። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ክኒን ሲቆጥር ማንጎራጎሩን ትቷል። ደስታቸው የአንዲት እናት ሞት ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ደፍረው ይመኙታል? አንድ ቀን ብቻ አወጣው።

«የእናቴን የደም ግፊት ክኒን ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጣል» አላት። «በስህተት ባጎድል እንኳ ለራሳችን ስል ያጎደልኩ ይመስለኛል።»

«እኔ ልቁጠርልህ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረፋው ሲያልቅ ባንኮኒውን ዞራ ትገባና ክኒኑን እሷ ትቆጥር ነበር። ከእናትየው ዕድሜ ላይ አንድም ቀን አላጎደለችም።

እናትየው በእርጅና ቀስ ብለው ሄዱ። እሱና እሷ በኋላ ተጋብተዋል፤ ዘፈን ያልነበረበት ሠርግ ነው፣ ሁለቱም የመሸባቸው ሙሽሮች ነበሩ። ይህ ታሪክ የሚያልቀው ግን ሠርጉ ላይ አይደለም፤ ቀብሩ ላይ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር መምህርቷ ክፍሏን ይዛ መጣች። ልጆቹ ከመቃብሩ አጥር ስር ተሰለፉ። አፈሩ ሲገባ ፋርማሲስቱ ብቻውን ወደ ፊት ወጣና ዘፈነ። ጫማዋን ስለምታዛውረው፣ በድመቷ ስለምታሳብበው፣ መጣሁ መጣሁ እያለች ስለማትመጣው። ድምፁ እየተቆረጠ እስከ ጫፉ አደረሳት፤ እናቱ የቀጠሏት ስንኝ ጋ ሲደርስ አፉን ገጠመ።

ያን ጊዜ ከኋላዋ ልጆቹ ሁሉ ትንፋሽ ሲስቡ መምህርቷ ሰማች። ከፊደል ጋር አብረው የተማሯት ስንኝ ናት፤ ዘፈኑ ሲያልቅ አፋቸው በራሱ ይከፈታል። ዛሬ እንዳይሏት መንገር ረስታለች። ያን ሁሉ ዓመት ስትጠብቃት የኖረችው ስንኝ ልትወጣ ከጥርሳቸው ጫፍ ደርሳለች።

ዞር ብላ ሁለት እጇን ከፍ አደረገች። ልጆቹ የሳቡትን ትንፋሽ እንደያዙ ቀሩ። ማንም ተኚ አላለም።

ከሰልፉ ፊት የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት።

«ቲቸር፣ አሁን ትነሳ?» አለቻት በሹክሹክታ።

መምህርቷ እጇን ሳታወርድ አለቀሰች።

«አዎ» አለቻት። «አሁን ትነሳ።»