እስኪያልፉ ድረስ

ምሥራቅ የምታስታውሰው ግማሹን ብቻ ነው። አራት ዓመቷ ገደማ ነበር፤ መደቡ ጥግ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ስለ ናይጄሪያ ያወራል።

«አስማረ፣ ታላቅህ ነው። እሺ በለንና እንሂድ» አለ አንዱ።

አባቷ «ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ እስክታልፍ የቢሻውን ደጅ ብረግጥ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» አለ። ሰው ሳቀ። አባቷ ይሳቅ አይሳቅ አታውቅም። ከናይጄሪያው ጨዋታ በፊት ይሁን በኋላ፣ እሱንም አታውቅም።

ጠቡ የወሰን ነበር። ወንድማማቾቹ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ለከሰል የሚሆን የዲከረንስ ዛፍ ተክለው ነበር፤ ቢሻው ድንበር አልፎ ቆረጠ ተባለ። አሁን ዛፉ ራሱ በበሽታ ደርቆ አልቋል። መሐላው ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ነው ምሥራቅ ብሔራዊ ቡድኑን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ የምትከታተለው።

ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ሱዳን ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ ነበረችበት። በ1954 ራሷ አስተናግዳ ዋንጫውን በላች። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ልብ ይጠይቃል። ከ1974 ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ከውድድሩ ጠፍታ በ2005 ተመለሰች፤ ከምድቧ ግን አላለፈችም። በ2006 ከዓለም ዋንጫ የሚለያት ናይጄሪያ ብቻ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ ተሸነፈች፣ እዚያም ሄዳ ተሸነፈች። በ2014 ካሜሩን ላይ ያው ከምድብ ተመለሰች። አሁንማ የሚፈቀድ ሜዳ ጠፍቶ የሜዳዋን ጨዋታ እንኳ በሰው አገር ትጫወታለች።

የክፍል ልጆች ምሥራቅን «አልቃሿ» ይሏታል። «አልቃሿ፣ ትናንትስ ስንት ገባብሽ?»

ጥቅምት እንደገባ የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ አለቀ። አላለፉም። በሳምንቱ የቢሻው ልጅ ያለምወርቅ ዳንግላ ካለው ቤታቸው ደወለች። አባቶቻቸው ቢኳረፉም ሁለቱ በስልክ አይጠፋፉም።

«አለፉ በይው» አለቻት።

«ማንን?»

«አባቴን። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለውናል። ሌት ተቀን የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው። ሬዲዮዋን ባትሪዋ አልቋል ብለን ደብቀናታል። እኔ ብለው አያምነኝም፤ ‹የአስማረ ልጅ ኳስ ላይ አትዋሽም› ይላል። ነገ ነይና ንገሪው። ምን ይጎድልብሻል?»

«አለፉ ካልኩት አባዬን ይጠብቃል እኮ።»

«ይጠብቅ። ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።»

ምሥራቅ ልትመልስላት ስትል ኔትወርኩ ሄደ።

አባቷ በረንዳ ላይ የድንች ዘር ይመርጣል። ምሥራቅ ጎኑ ተቀምጣ የበሰበሰውን መለየት ጀመረች፤ እየለየችም የያለምወርቅን ቃል እንዳለ ነገረችው። የአባቷ እጅ ቆመ።

«ውሸትማ አትናገሪ» አለ።

«እሺ። እንግዲያው አንተ ሂድ።»

«ምዬ?»

«የንስሐ አባትህን ለምናቸው። አባ ወገኔ ይፈቱሃል።»

«ፈትተውኛል» አለ ቀስ ብሎ። «አምና። ሂድ ብለውኝ ነበር።»

ምሥራቅ ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ቀርቼ ምን ብዬ ልግባ? አሁን ብሄድ፣ ሊሞት ነው ሲሉት መጣ አይለኝም?»

መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ጭቃውን እየረጨ አለፈ። ምሥራቅ ለዓመታት አፏ ላይ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀች።

«አባዬ፣ የማልከው ከጨዋታው በፊት ነው ከተሸነፉ በኋላ?»

«በፊት ነው። በዋዜማው» አለ። አንድ ድንች አንስቶ አገላብጦ ሳያየው መልሶ አስቀመጠው። «ሰው ሁሉ አለፍን ይል ነበር። እኔም በወር ውስጥ የሚያልቅ መስሎኝ ነው። ትንሽ ልኩራና ኅዳር ላይ በጌን ይዤ ልሄድለት።»

ምሥራቅ እስከ ዛሬ መሐላው እምቢታ ይመስላት ነበር።

«ጋሼ ቢሻው ይኼን ያውቃል?»

«ማን ነግሮት?»

ድንቹ አለቀ። የተመረጠው ከግማሽ ጆንያ አይበልጥም። ምሥራቅ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች። «አላለፉም እለዋለሁ። በዋዜማው እንደማልክም እነግረዋለሁ።»

አባቷ አልከለከላትም።

«አብረን እንሂድ፣ አባዬ።»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ደጅ ቆመህ ብትጠብቀኝስ?»

«አልችልም፣ ልጄ። ዓይኑን አልችለውም።»

ከዚያ በላይ አልለመነችውም። ጆንያውን አብረው አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት። አባቷ በሩን ገፍቶ ዘጋው።

«እስከ መናኸሪያ» አለ በመጨረሻ። «እስከ መናኸሪያ እሸኝሻለሁ።»