የትኛው ወር ነበር?

«ውጤቱን ማወቅ ካልፈለግሽ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊ» አለቻት ተመራማሪዋ፣ ቅጹን ከእናቷ ጎን ወደተቀመጠችው ድንቢጥ እየገፋች።

ድንቢጥ ያለቻት እናቷ ናት፤ ስትወለድ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም ነበር። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ ካወቀች አራት ዓመት ሆኗታል። ኪኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፣ ትማራለች፣ በመረብ ኳስ ከክፍሏ የሚደርስባት የለም። ቫይረሱ ከእናቷ የተላለፈባት መቼ እንደሆነ ግን አታውቅም፤ በማኅፀን ይሁን፣ በምጥ ጊዜ፣ ወይስ ጡት ስትጠባ።

«ሕፃን ሳለሽ በየወሩ የተቀዳው የሁለታችሁም ደም እስካሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ» አለች ተመራማሪዋ። «ቫይረሱ ራሱን ሲያባዛ ዘረመሉ ላይ ትንንሽ ስህተት ይሠራል። ስለዚህ የእናትሽ ቫይረስ ከወር ወር ይለያያል። ያንቺ የመጀመሪያው ቫይረስ የእናትሽን የየትኛውን ወር ቫይረስ እንደሚመስል እናያለን።»

«እንደ ኩረጃ ነዋ! ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ካለ መምህሩ ይነቃል።»

ተመራማሪዋ ሳቀች። «ልክ ነሽ። የብዙ ልጆችን ካየን፣ እናቶችን ይበልጥ መርዳት ያለብን መቼ እንደሆነ እናውቃለን።»

እናቷ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ድንቢጥ ተከተለቻት።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሦስት ወር ሲሞላሽ አያትሽ እኛ ጋ ከርመው ነበር» አለች እናቷ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች። «ኪኒኑን እንዳያዩብኝ ብዬ ሁለት ወር አቋረጥኩ። ማጥባቴን ግን አላቋረጥኩም።»

የድንቢጥ ጆሮ ጋለ። «ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«አፌ እምቢ አለኛ! በዚያ ሁለት ወር ይሁን አይሁን ሳላውቅ ይኸው እዚህ ደረስኩ። እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ ልጄ። አንቺ ካልፈለግሽ ግን ይቅር።»

እውነት ለመናገር፣ ድንቢጥ ማወቅ አልፈለገችም። ወሩ ከታወቀ የምትናደድበት ሰው ይኖራታል፤ ያውም አንድ ቤት ውስጥ። እናቷን አየቻት። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ድንቢጥ ተመልሳ ገባችና «ሁለታችን አብረን መስማት እንችላለን?» ስትል ጠየቀች።

«ይቻላል።»

የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

«እማ፣ ነይ ፈርሚ። ውጤቱ ሲመጣ ልናደድብሽ እችላለሁ፤ ከወዲሁ ልንገርሽ።» እስክሪብቶውን ዘረጋችላትና ጨመረች፦ «ግን ብቻሽን አትሰሚም።»